የስብሰባ ፊርማ ምክክር ይባላልን? ከጎንደር ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ መልስ

ጥያቄ፦ እናቴ ጎንደር ውስጥ፣ ከፒያሳ ወረድ ብሎ ባለ ሰፈር፣ ካርታ ያለው ነባር ይዞታ አላት። ባለፈው ወር ነዋሪው ተጠርቶ ሰፈሩ ለመልሶ ማልማት እንደሚፈርስና መሬቱ ለባለሀብት እንደሚሸጥ ተነገረው፤ ስም ዝርዝር ላይ ፈርሞም ተበተነ። ይህ ምክክር ነው? መቃወምስ እንችላለን?

መልስ፦ ውድ ጠያቂ፣ አስቀድሜ አንድ ቃል ላርም። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40(3) መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ንብረት በመሆኑ አይሸጥም፣ አይለወጥም፤ ለባለሀብቱ የሚተላለፈው በሊዝ አዋጅ ቁጥር 721/2004 መሠረት በጨረታ ወይም ያለ ጨረታ በምደባ የሚሰጥ፣ ዘመኑ የተወሰነ የመጠቀም መብት ነው። ይህን ማንሣቴ ያለ ምክንያት አይደለም። ያው አዋጅ ለጨረታ የሚቀርብ ቦታ ከማንኛውም ወገን የይገባኛል ጥያቄ ነፃ መሆን እንዳለበት ስለሚደነግግ፣ የእናትዎ ጉዳይ እልባት ሳያገኝ ቦታው ለጨረታ ሊወጣ አይገባም።

ወደ ምክክሩ ስንመለስ፣ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 43(2) ዜጎች ማኅበረሰባቸውን በሚመለከቱ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳባቸውን እንዲሰጡ የመጠየቅ መብት እንዳላቸው ይገልጻል። ይህን መብት በተግባር የሚያውለው የመሬት ይዞታ ስለሚለቀቅበትና ካሳ ስለሚከፈልበት ሁኔታ የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ሲሆን፣ ተነሺዎች ይዞታቸውን ከማስረከባቸው ቢያንስ ከአንድ ዓመት በፊት ስለ ፕሮጀክቱ ዓይነት፣ ጥቅምና አጠቃላይ ሂደት ሊወያዩ እንደሚገባ ያዝዛል። መሬቱ ለኢንቨስትመንት በአስቸኳይ ሲፈለግ ጊዜው ሊያጥር ይችላል፤ የሚያጥረው ግን ጊዜው ነው እንጂ ውይይቱ አይቀርም። ስለዚህ በእኔ አስተያየት፣ አስቀድሞ የተወሰነ ውሳኔ ተነግሮት፣ ጥያቄ ሳይጠይቅ የፈረመ ነዋሪ መግለጫ ሰማ እንጂ አልተመከረም። ፊርማው በስብሰባው መገኘቱን ያሳያል፤ መስማማቱን አያሳይም።

ይሁንና ተስፋዎ ከሕጉ እንዳያልፍ በግልጽ ልናገር፦ ምክክር የመከልከል ሥልጣን አይሰጥም። ቦታው በከተማው ፕላን መሠረት ለሕዝብ ጥቅም የሚውል ከሆነ፣ መንግሥት ተመጣጣኝ ካሳ በቅድሚያ ከፍሎ ሊያስለቅቅ ይችላል። ምክክሩ ዋጋ የሚኖረው ውሳኔው ገና ሊቀየር በሚችልበት ወቅት በመሆኑ፣ የምትንቀሳቀሱበት ጊዜ የማስለቀቂያው ትእዛዝ በጽሑፍ ከመድረሱ በፊት ያለው አሁን ነው።

ከሁሉ በላይ እንድታተኩሩበት የምፈልገው በአዋጅ 1161 አንቀጽ 7 የተሰጠው በቅድሚያ የማልማት መብት ነው። መልሶ ለማልማት በተለየ አካባቢ ያሉ ባለይዞታዎች፣ በተናጠልም ሆነ በጋራ ሆነው፣ ቦታቸውን በፕላኑ መሠረት ለማልማት ከሌላው ሰው ይቀድማሉ። ብዙ ሰው ስለ ካሳው መጠን ሲጨነቅ ይህ መብት ሳይነሣ ያልፋል፤ ይህም እጅግ ያሳዝነኛል። ሁለት ወይም ሦስት ጎረቤታሞች ይዞታቸውን አዋሕደው ፕላኑ የሚጠይቀውን ሕንፃ ለመሥራት አቅማቸውን ማሳየት ከቻሉ፣ ከሰፈራቸው ሳይነሡ የልማቱ ባለቤት ሊሆኑ ይችላሉ።

እንግዲህ ጎረቤቶችዎን አሰባስበው የስብሰባው ቃለ ጉባኤ ቅጂ፣ የአካባቢው ልማት ፕላንና የቦታው የወደፊት አገልግሎት በጽሑፍ እንዲሰጣችሁ አመልክቱ። በዚያው ማመልከቻ የማልማት ፍላጎታችሁን ግለጹ፤ እድራችሁና ማኅበራችሁም በስም ይጠቀሱ። አዋጁ ከአካባቢያቸው ለሚነሡ ሰዎች የማኅበራዊ ትስስር መቋረጥን በካሳ ረገድ ስለሚያውቀው፣ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ማመልከቻውን በመዝገብ ቤት ቁጥር አስይዙ፤ ማኅተም ያረፈበትን ቅጂም አስቀሩ።

ትእዛዙ ከደረሰ በኋላ አዋጅ 1161 ለአቤቱታ 30 ቀን ይሰጣል። ሆኖም በሊዝ አዋጁ ያለው ጊዜ ከዚህ ስለሚያጥር፣ አዋጅ 1161ም በአዋጅ ቁጥር 1336/2016 ስለ ተሻሻለ፣ ሠላሳኛውን ቀን አትጠብቁ፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ ለአቤቱታ ሰሚው አካል አስገቡ። እናትዎ ራሳቸው መመላለስ የሚከብዳቸው ከሆነ ትእዛዙ ከመምጣቱ በፊት የተረጋገጠ ውክልና ይስጡዎት፤ ቀኑ መቆጠር ከጀመረ በኋላ ውክልና ለማውጣት የሚባክነው ጊዜ ከዚያችው ከሁለት ሳምንቷ ላይ ይቀነሳል።