የቻይናው ሥር ለእናቴ ይሆናል ወይ?

ጥያቄ፦ ሰላም እንዴት ናችሁ፣ የምጽፍላችሁ ከጎንደር አዘዞ ነው። እናቴ 60 አልፏታል፣ የጨጓራ ባክቴሪያ አለብሽ ተብላ አሞክሳሲሊኑንም ክላሪትሮማይሲኑንም ኦሜፕራዞሉንም ጨርሳለች ግን ምግብ እምቢ ብሏታል፣ ሆዷ ይነፋል፣ አቅም የላትም። የአክስቴ ልጅ ከቻይና ሲመጣ የተቆራረጠ ሥር በፌስታል ይዞላት መጣ፣ ተፈልቶ ሲጠጣ ጨጓራ ይጠግናል ኢሙኒቲም ይጨምራል አለን፣ እሷም ሰሞኑን ጀምራዋለች። የግፊት መድኃኒትም ትወስዳለች፣ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ የሚባለውን። ችግር አለው?

መልስ፦ እህትዓለም፣ እናትሽ ሥሩን አሁኑኑ ያቁሙት። ያሳሰበኝ ከግፊት መድኃኒታቸው ጋር መደራረቡ ነው።

ቻይናዎቹ አቅም ላነሰው ሆድ ከሚያፈሏቸው በጣም የታወቀው የአራት ነገር ቅልቅል ነው፣ ጂንሰንግ፣ ባይ ጁ የሚሉት ሥር፣ ጥድ ሥር ላይ የሚበቅል ፉ ሊንግ የሚባል ፈንገስና ሊኮሪስ፣ እነሱ ጋን ጻኦ የሚሉት ጣፋጭ ሥር። ሊኮሪሱ ደሞ ሌላውም ብዙ ቅልቅላቸው ውስጥ ይገባል፣ ስለዚህ ውሃው ጣፋጭ ጣፋጭ ካለ ጠርጥሪ። ውስጡ ግላይሲራይዚን የሚባል ነገር አለ፣ እሱ ኩላሊት ውስጥ ኮርቲዞል የሚባለውን ሆርሞን የሚያከሽፈውን ኢንዛይም ያግደዋል፣ ከዛ ሰውነት ጨውና ውሃ ይይዛል፣ ግፊት ይወጣል፣ ፖታሲየም የሚባለው ማዕድን በሽንት ይሄዳል። ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ደግሞ ራሱ ፖታሲየም የሚያስወጣ ክኒን ነው። ሁለቱ ሲደራረቡ ጡንቻ ይዝላል፣ የልብ ምትም ሊዛባ ይችላል። እናትሽ ቀድሞውንም አቅም የላቸውም፣ ድካሙ ቢብስባቸው ሁላችሁም ከጨጓራው ነው ብላችሁ ታልፉታላችሁ፣ እኔን የሚያስፈራኝ ይሄ ነው።

የቻይና መድኃኒት ከንቱ ነው እያልኩ አይደለም። ደንቢያ ላይ ወባ የያዘው ሰው የሚውጠው ኮአርተም መነሻው የቻይና ቅጠል ነው፣ ቻይናዊቷ ተመራማሪ ቱ ዩዩ በፈረንጆቹ 2015 ኖቤል የተሸለመችበት። ግን እሱ ተጣርቶ ተለክቶ ሰው ላይ ተሞክሮ ነው ክኒን የሆነው፣ ፌስታሉ ውስጥ ያለውን ግን ምንነቱንም መጠኑንም ያየው የለም። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ቤልጅየም ውስጥ ለመክሳት ተብሎ በተሰጠ ቅልቅል የተሳሳተ የቻይና ሥር ገብቶ ብዙ ሴቶች ኩላሊታቸው ከጥቅም ውጪ ሆኗል።

ኢሙኒቲ ይጨምራል ተብሎ በብዛት የሚሸጠው አስትራጋለስ የሚባል ሥር ነው፣ ሰው ላይ ያለው ማስረጃ ደካማ ነው፣ ኩላሊት ተቀይሮለት ኢሙኒቲ የሚቀንስ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ደሞ ጭራሽ እንዳይነካው።

ወደ ሆዳቸው ስንመጣ፣ ባክቴሪያው መጥፋቱ ታይቷል ወይ? አንቲባዮቲክ ካለቀ ቢያንስ 4 ሳምንት፣ ኦሜፕራዞል ካቆሙ ደሞ 2 ሳምንት ቆይቶ የሰገራ አንቲጅን ምርመራ፣ ማለትም ባክቴሪያውን ራሱን ሰገራ ውስጥ የሚፈልግ ምርመራ፣ ይደረጋል። በደም የሚታየው አንቲቦዲ፣ ሰውነት ባክቴሪያውን ሲከላከል የሚሠራው፣ ከዳኑ በኋላም ለወራት ፖዘቲቭ ሊል ስለሚችል በሱ አትደናገጡ። እስከዛው የአጃ አጥሚት ቀጠን አድርገሽ ትንሽ ትንሽ ቶሎ ቶሎ ስጫቸው፣ ጾም ካልሆነ እርጎ፣ ሻዩ ላይ ዝንጅብል ጣል አድርጊበት ማቅለሽለሽ ያስታግሳል። ሰገራቸው ከጠቆረ፣ ካስመለሳቸው፣ ሲውጡ ካነቃቸው ወይ እየከሱ ከሆነ ግን ቤት መቀመጥ የለም፣ በዚህ እድሜ ኢንዶስኮፒ፣ በአፍ ካሜራ አስገብቶ ጨጓራን ማየት፣ ያስፈልጋል።

የግፊት ክኒኑን እንዳያቋርጡ። ዛሬውኑ ግፊታቸውን አስለኪ፣ ፖታሲየማቸውም በደም ይታይ፣ ፌስታሉን እንዳለ ይዘሽ ሂጂና ለሐኪሙ አሳዪው።