ኦፕሬሽን ክፍል ውስጥ ብወድቅስ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የሲዋን (የመጀመሪያ ዓመት ክሊኒካል) የሕክምና ተማሪ ነኝ፣ ሰኞ ሰርጀሪ አታችመንት (የቀዶ ሕክምና ልምምድ) እንጀምራለን። አምና አንድ ልጅ ኦአር (ኦፕሬሽን ክፍል) ውስጥ ዘጭ ብሎ ወድቆ እስካሁን ይቀለድበታል። እኔ ደግሞ ጿሚ ነኝ፣ ደም ማየትም አልወድም። ምን ላድርግ? (ከጎንደር)

መልስ፦ አይዞሽ እህቴ፣ እኔም የመጀመሪያው ቀን ግድግዳ ይዤ ነው የተረፍኩት። ሰው የሚጥለው ደሙ ብቻ አይደለም። ባዶ ሆድ አለ፣ ሙቀት አለ፣ ማስክ አለ፣ በዚህ ላይ ጉልበትሽን ገትረሽ ለሰዓታት ስትቆሚ ደሙ ወደ እግርሽ ይወርድና ግፊትሽ ዝቅ ይላል። ስለዚህ ጉልበትሽን ላላ አድርጊ፣ የእግር ጣቶችሽን በጫማው ውስጥ አንቀሳቅሺ። ጾሙን ፍቺ አልልሽም፤ ግን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ እንኳን ሳትቀምሺ መቆሙ ከባድ ስለሆነ የንስሐ አባትሽን አማክሪያቸው።

ጆሮሽ ጭው ካለ፣ ላብ ካጠመቀሽ፣ ይሉኝታ የለም። «አዞረኝ» በይና ወደ ኋላ ሄደሽ እዚያው መሬት ላይ ቁጭ በይ። ወደ በሽተኛው እንዳትወድቂ ብቻ! ደግሞ ሥጋ ሲያርር የሚመስል ሽታ ይመጣል፣ ደም ማቆሚያው ዳያተርሚ ነው፣ አትደንግጪ።

ቀለበትና ሰዓት ቤት ይቅሩ። ስክራብ ስታደርጊ (ለኦፕሬሽን እጅሽን ስትታጠቢ) ጣቶችሽ ወደ ላይ ይሁኑ፣ ውሃው ወደ ክርን ይውረድ፤ ከዚያ በኋላ እጅሽ ከወገብሽ በታች አይወርድም። ከጀርም ያልጸዳ ነገር ከነካሽ ወዲያው ተናገሪ። ስክራብ ነርሷ (መሣሪያ የምታቀብለው) ትቆጣ ይሆናል፣ ትቆጣ! ቁስሉ ከሚያመረቅዝ ይሻላል።

ከሁሉም በላይ የምመክርሽ ግን ሌላ ነው፤ እሁድ ማታ ዋርድ (በሽተኞች የሚተኙበት ክፍል) ሂጂና ሰኞ ኦፕሬሽን የሚደረግላትን በሽተኛ ተዋወቂያት። ቻርቷን አንብቢ፣ አጠገቧ ተቀመጪ፣ ከየት እንደመጣች ጠይቂያት። ጨርቁ ሲሸፍናት የሚታይሽ አንድ መዳፍ የሚያህል ቆዳ ብቻ ነው፣ ያኔ ከስሩ ያለችውን ሰው ካወቅሻት ፍርሃቱ ራሱ ይቀንሳል (ለእኔ እንደዚያ ነው የሆነልኝ)። ቢላ ከመያዙ በፊት በዓለም ጤና ድርጅት የ2008 ቼክሊስት መሠረት ሁሉም ስሙንና ሥራውን ይናገራል፤ አንቺም «ተማሪ ነኝ» በይ፣ አትፈሪ።

ኦፕሬሽኑ እንቅርት ከሆነ ከጀርባው የሚያልፈውን የድምፅ ነርቭ አጥንተሽ ግቢ፣ ሲኒየሩ ሐኪም መጠየቁ አይቀርም። በነጋታው ደግሞ ተመልሰሽ አናግሪያት፤ ድምፅዋ እንደ እሁዱ ነው ወይስ ሻክሯል?