ሥራው ቀሎልኝ ለምን እደክማለሁ?

ጤና ይስጥልኝ። የ34 ዓመት ሴት ነኝ። ቤቴ መሃል ባሕር ዳር፣ ቢሮዬ ከዓባይ ማዶ ነው፤ ቀኑን የማሳልፈው ኮምፒውተር ፊት ተቀምጬ ነው። ድሮ በብስክሌት ሩብ ሰዓት የምሄደውን መንገድ አሁን ባጃጅ ከደጄ አንስቶ ያደርሰኛል። ልብሱን ማሽን ያጥበዋል፣ እንጀራው በኤሌክትሪክ ምጣድ ይጋገራል፣ ክፍያው ሁሉ በስልክ ነው። ማታ ግን ደረጃ መውጣት ያቅተኛል። አልጋ ላይ ሆኜ ስልክ ስነካካ ስድስት ሰዓት ይሆናል፤ ስነቃም ደክሞኝ ነው። እናቴ «እኛ ውኃ ቀድተን፣ እንጨት ተሸክመን እንዲህ አልሆንን፤ ጉልበትሽን የወሰደው ማሽኑ ነው» ትላለች። እውነቷን ነው? ማጠቢያውን ልሽጠው?

መልስ፦

ማጠቢያውን አይሽጡት። ቅዳሜን ሳፋ ላይ ጎብጦ መዋል ወገብ ያሳምማል እንጂ የልብና የሳንባን አቅም እምብዛም አያሳድግም። እናትዎም ሳይደክማቸው አልቀረም፤ የእሳቸው ድካም ግን እንቅልፍ ይዞ ይመጣ ነበር።

ሰውነት የማይጠየቀውን አቅም አያስቀምጥም። ለወራት ሲቀመጡ ጡንቻ ይሳሳል፤ በውስጡ ምግብን ወደ ኃይል የሚለውጡት ማይቶኮንድሪያዎች ይቀንሳሉ፤ ልብ በአንድ ምት የሚረጨው ደምም ያንሳል። ደረጃው ያው ነው፤ ከአቅምዎ የሚወስደው ድርሻ ግን አድጓል።

እኔ የምጠረጥረው ባጃጁንና የማታውን ስልክ ነው። ሁለቱን አብረው አይቀይሩ፤ የረዳዎትን ለይተው አያውቁም።

ከስልኩ ይጀምሩ። የስክሪኑ ብርሃን እንቅልፍ የሚያመጣውን ሜላቶኒን ያዘገያል፤ ትልቁ ችግር ግን ቪዲዮው ማለቂያ ስለሌለው ሰዓቱን መብላቱ ነው። ስለዚህ ብርሃኑን ማደብዘዝ ብቻ አይበቃም። ቻርጀሩን ሳሎን ያድርጉት፤ ለማንቂያ የጠረጴዛ ሰዓት ይግዙ። አራት ሰዓት ተኝተው አሥራ ሁለት ሰዓት ይነሱ፤ ለአዋቂ ቢያንስ 7 ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልጋል። የካፌይን ግማሹ ከሰውነት እስኪወጣ 5 ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ አሥር ሰዓት ላይ የጠጡት ቡና ማታ ሦስት ሰዓትም ግማሹ አለ። ከሰዓት በኋላ ከተፈላ አቦሉን ይቅመሱ፣ ቶናና በረካውን ለእንግዶች ይተዉ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ወደ ብስክሌቱ ይመለሱ። በ2016 ዓ.ም. የተመረቀው የዓባይ ድልድይ የብስክሌት መስመር አለው፤ ከተማውም ሜዳ ነው። ደርሶ መልስ በቀን 30 ደቂቃ፣ በአምስት ቀን 150 ይሆናል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በሳምንት ቢያንስ የሚመክረው ይህንኑ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ሁለት ቀን ይበቃል።

ቆሞ የከረመ ብስክሌት ግን ሰውን በከንቱ ያለፋል። ጎማውን በጎኑ ላይ በተጻፈው ልክ ያስነፉ። መቀመጫው ላይ ሆነው ተረከዝዎን ታች በወረደው ፔዳል ላይ ሲያሳርፉ እግርዎ ቀጥ ማለት አለበት፤ መቀመጫው ዝቅ ካለ ጉልበት ያሳምማል። ካቴናውን በጨርቅ ጠርገው ቀጭን ዘይት ጠብ ጠብ ያድርጉ፣ ትርፉን ይጥረጉ፤ ከመኪና የወጣ አሮጌ ዘይት ጥርሱን ይበላዋል። በክረምት የረጠበ ፍሬን ዘግይቶ ስለሚይዝ ቀደም ብለው ይጨብጡ።

የወር አበባዎ የሚበዛ፣ ልብዎ በኃይል የሚመታ ወይም ትንፋሽ የሚያጥርዎ ከሆነ ግን እነዚህን ሳምንታት አይጠብቁ። ሐኪም ዘንድ ሄደው ሂሞግሎቢን፣ የደም ስኳርና የታይሮይድ ሆርሞን ያስመርምሩ፤ የደም ማነስ ካለ ብስክሌቱ ድካሙን ያባብስብዎታል።