መልስ፦ ቀይ ትል ጓሮ ላይ ቢለቀቅ አፈሩን ያላላል ወይ?

ወንድሜ፣ የኮምፖስት ቀይ ትሎችህን ድርቅ ያለው ጓሮህ ላይ ብትለቃቸው አፈሩን ያላሉት እንደሆነ ጠይቀሃል። አያላሉትም። ቀይ ትል፣ ማለትም አይዜኒያ ፌቲዳ፣ ኑሮው ፍግና የበሰበሰ ቅጠል ውስጥ ነው። አፈር ብዙም አይቆፍርም፤ ምግብ ካጣ ወይ ይሄዳል ወይ ይሞታል። ኩሱን ግን አትጣለው፣ ከአፈሩ ጋር ቀላቅለው።

ቆፋሪዎቹ ሌሎች ናቸው። ሉምብሪከስ ቴሬስትሪስ የሚባለው የአውሮፓ ትል ቁልቁል ከ1 ሜትር በላይ ይወርዳል። ማታ ቅጠል ጎትቶ ያስገባል፣ ኩሱን ጉድጓዱ አፍ ላይ ይከምራል። በዚያ ቀዳዳ ውሃም ሥርም ይገባል። አፈር በሊታዎቹ ትሎች ደግሞ አግድም እየቆፈሩ ብዙውን ኩሳቸውን እዚያው ውስጥ ይተዋሉ። ትኩሱ ኩስ ጭቃ ነው፤ ሲደርቅ ግን ውሃ ቶሎ የማያፈርሰው እንክብል ይሆናል።

ይሄም ቢሆን ሁሌ በጎ አይደለም። ብራዚል ውስጥ ማናውስ አጠገብ ደን ተመንጥሮ የግጦሽ መሬት ሲሆን፣ የአፈሩ ነፍሳት አብዛኞቹ ጠፉና ፖንቶስኮሌክስ ኮሬትሩረስ የሚባል ትል ተራባ። ኩሱ ድፍን ነው፣ የሚሰባብረውም አልነበረም። አፈሩ ተጠቀጠቀ፤ በዝናብ ጊዜ ውሃ አልሰርግ አለ።

አንተ ለጊዜው ትል አትግዛ። ጓሮውን ገለባ አልብሰው፣ እርጥበቱንም ጠብቅለት። እዚያው ያሉት ትሎች ራሳቸው ይመጣሉ።