ትናንሽ የሸክላ ቤቶች ለምን ይነቃሉ? ለምንስ ሁሉም አንድ ይመስላሉ?

እህቴ፣ የምትሠሪያቸው ትናንሽ የሸክላ ቤቶች በመስኮቱ ጥግና በግድግዳው መጋጠሚያ እየነቁ፣ ጣሪያቸውም እየሰመጠ እንዳስቸገረሽ ጽፈሻል። «እያንዳንዱ የራሱ መልክ እንዲኖረው ብፈልግም ሁሉም አንድ ዓይነት ሆኑብኝ» ያልሽውን ሳነብ ደግሞ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። በጣም የምወደው ሥራ ስለሆነ በሰፊው ልመልስልሽ።

እኔ እንደማየው የሦስቱም መነሻ አንድ ነው፤ ጭቃው ገና ለስላሳ እያለ ቆርጠሽ ታቆሚዋለሽ። ለስላሳ ጭቃ ረጅምና ቀጭን ግድግዳ ሆኖ መቆም አይችልም። ስለዚህ ሳይታወቅሽ ግድግዳውን ታሳጥሪዋለሽ፣ ታወፍሪዋለሽ፣ ጣሪያውንም ታሳንሺዋለሽ። ሁሉም ሳጥን የሚሆኑት ለዚህ ነው። ዳምጠሽ ከዘረጋሽው በኋላ ጠንከር እስኪል ከጠበቅሽው ግን ዘንበል ያለ፣ ወገቡ የቀጠነ፣ ጣሪያው ከግድግዳው የሚረዝም ቤት ማቆም ትችያለሽ።

መጠበቅ ስል እስኪደርቅ ማለቴ አይደለም። ጠርዙን ይዘሽ ስታነሺው እንደ ጨርቅ ካልተልፈሰፈሰ፣ በጥፍርሽ ስትጫኚው ግን ምልክት ከተቀበለ፣ ጊዜው ደርሷል። ቢላው ጭቃውን እየጎተተ ከሄደ ገና ነው፤ ጠርዙ ከተፈረፈረ አልፏል። እንደ አየሩ ሁኔታ ስለሚለያይ በሰዓት ልነግርሽ አልችልም፤ በጣትሽ ነው የምታውቂው።

ጭቃው የተፈጨ ገል የተቀላቀለበት ቢሆን እመርጣለሁ። ገሉ አንዴ በምድጃ እሳት የተተኮሰ ስለሆነ በመድረቅ አይኮማተርም፤ ውሃውም በቀላሉ መውጫ ያገኛል። አንድ ስንዝር ለሚሆን ቤት ከ5 እስከ 6 ሚሊ ሜትር ውፍረት ይበቃዋል። ውፍረቱ እኩል እንዲሆን ግራና ቀኝ እኩል ጣውላ አስቀምጠሽ በመካከል ዳምጪው፤ ከዚያ ሁለቱንም ፊት በጠፍጣፋ ነገር ጫን እያልሽ ጥረጊው። ጠርዙን ይዘሽ አትጎትቺው። ጭቃ የታጠፈበትን አይረሳም፤ ያቃናሽው ቢመስልሽም ሲደርቅና ሲተኮስ ወደዚያው ይጎብጣል።

መስኮቱ ላይ ቆም እንበል፤ ስንጥቁ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው እዚያ ነውና። ቢላው ከማዕዘኑ ትንሽ አልፎ ከሄደ፣ ያ ለዓይን የማይታይ ጭረት ጭቃው ሲኮማተር ይከፈታል። እኔ መጀመሪያ አራቱን ማዕዘን በመጠጫ ስትሮው እበሳና ከቀዳዳ ወደ ቀዳዳ እቆርጣለሁ። ክብ የሆነ ማዕዘን ውጥረቱን ስለሚያሰራጨው በቀላሉ አይነቃም። ቁራጩንም ወዲያው አላወጣውም፤ ግድግዳው ተጋጥሞ እስኪቆም ቦታው ላይ እተወዋለሁ። ሳነሳው እንዳይጣመም ይይዘዋል። በኋላ በመርፌ ጫፍ ገፋ ሳደርገው ይወጣል፤ ጠርዙን በእርጥብ ስፖንጅ ማለስለስ ብቻ ይቀራል።

ለመጋጠሚያው የግድግዳዎቹን ጠርዝ በ45 ዲግሪ ቁረጪ። ሁለቱንም ፊት በሹካ ጫሪና ከዚያው ጭቃ የተበጠበጠ ወፈር ያለ ፈሳሽ ቀቢ፤ ትርፉ በመጋጠሚያው ሞልቶ እስኪወጣ ድረስ ተጫኝ። ከውስጥ በኩል በጣትሽ ያድቦለቦልሽውን ቀጭን ጭቃ ጥጉ ላይ አስገብተሽ በእንጨት ጠቅጥቂው። ዋናው ነገር ግን የሚገናኙት ክፍሎች እርጥበታቸው እኩል መሆኑ ነው። አንዱ እርጥብ ሌላው ደረቅ ከሆነ፣ እርጥቡ ሲኮማተር ከደረቁ ይላቀቃል፤ የምትቀቢውን ብታበዢው አያድነውም። ሥራው ሲያልቅ በላስቲክ ሸፍነሽ አሳድሪው። የጭስ ማውጫና ደረጃ የመሳሰሉት ቀጫጭን ነገሮች ቀድመው ስለሚደርቁ ላስቲኩ እነሱ ላይ ይቆይ። ጣሪያው እንዳይሰምጥ ደግሞ ውስጡን በተጨማደደ ጋዜጣ ሙዪው፤ እሳቱ ውስጥ ተቃጥሎ ስለሚጠፋ ማውጣት አያስፈልግሽም።

መልካቸውን በተመለከተ፣ በወረቀት ያዘጋጀሽውን ልክ ወዲያ አድርጊው። ወለሉን ብቻ ለኪና ግድግዳዎቹን በዓይንሽ ቁረጪ። ብዙ ሰው ልዩነትን በጌጥ ሊያመጣው ይሞክራል፤ ጡቡን አንድ በአንድ ይስላል፣ አበባ ይለጥፋል። ቤትን ከቤት የሚለየው ግን ምጣኔው ነው። በሩ ወደ ጥግ ሲገፋ፣ ሰፊ ግድግዳ ላይ አንዲት ትንሽ መስኮት ከፍ ብላ ስትቀመጥ፣ ቤቱ ወዲያው የራሱን ጠባይ ይይዛል። ለአንድ ቤት አንድ የተለየ ነገር ይበቃዋል። ግድግዳው ሸካራ እንዲሆን ከፈለግሽ፣ ከመቁረጥሽ በፊት ጭቃው ላይ ጆንያ ወይም የዛፍ ቅርፊት ተጫኝበት።

የመጀመሪያውን ተኩስ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እስኪያልፍ ድረስ በጣም አዝግሚው። «የሚያፈነዳው የታፈነ አየር ነው» ሲባል ትሰሚያለሽ፤ የሚያፈነዳው ግን ጭቃው ውስጥ የቀረው ውሃ ወደ እንፋሎት ሲለወጥ ነው። 573 ዲግሪ አካባቢም ጭቃው ውስጥ ያለው ኳርትዝ የተባለ ማዕድን መጠኑን በድንገት ስለሚለውጥ፣ ሙቀቱ ሲወጣም ሲወርድም አትቸኩዪ። ለመጀመሪያው ተኩስ 1000 ዲግሪ ገደማ ይበቃል።

ወፍራም ግሌዝ (ሲተኮስ እንደ መስታወት የሚሆን ቅብ) በትንሽ ቤት ላይ አልወድም፤ የደከምሽበትን ጭረት ሁሉ ይደፍነዋል። የብረት ኦክሳይድ (የዝገት ዓይነት ዱቄት) በውሃ በጥብጠሽ ቀቢና በእርጥብ ስፖንጅ ጥረጊው፤ ቀለሙ ጎድጎድ ባለው ውስጥ ቀርቶ እያንዳንዱን መስመር ያወጣዋል። ግሌዝ የግድ ካልሽ ለጣሪያው ወይም ለበሩ ብቻ ይሁን። የወለሉን ሥር ግን ንጹሕ አድርጊ፤ አለዚያ ከምድጃው መደርደሪያ ጋር ይጣበቃል። ግሌዝ ከመግዛትሽ በፊት ደግሞ ጭቃሽ ስንት ዲግሪ እንደሚችል አጣሪ። ስቶንዌር የሚባለው ጠንካራ ሸክላ አብዛኛውን ጊዜ ከ1200 ዲግሪ በላይ ሲፈልግ፣ ተራው ቀይ ሸክላ እዚያ ሙቀት ላይ ሊቀልጥ ይችላል። የምትጠቀሚው የትኛውን ነው? ስንት ዲግሪ ላይስ ትተኩሻለሽ? እሱን ከነገርሽኝ የሚስማማውን ግሌዝ እጽፍልሻለሁ።