ልጁ እየሰማ ነው

ኦቲዝም ያለው (ኦቲስቲክ) ልጃችሁ አጠገባችሁ ተቀምጦ ሳለ፣ እንደሌለ ቆጥራችሁ ስለ እሱ ከእንግዳ ጋር አታውሩ። ምክሬ ይኸው ነው፤ ሌላው ሁሉ ከዚህ ይመነጫል። የማይናገር ልጅ የማይሰማ ልጅ አይደለም። በልጅነታቸው ሳይናገሩ ቆይተው በኋላ በጽሑፍ ሐሳባቸውን መግለጽ ከቻሉ ኦቲስቲክ ሰዎች መካከል፣ ያኔ በፊታቸው ይባል የነበረውን እንደሚያስታውሱ የመሰከሩ አሉ።

ለወላጆች በትምህርት ቤት ስብሰባ ሳስተረጉም ደጋግሜ ከምሰማው አንዱ «ጤነኛዋ ልጄ» የሚለው ነው፤ እህቱን ከእሱ ለመለየት። «ትልቋ» ብትሏት ምን ይጎድላል? ኦቲዝም አእምሮ ገና ከጅምሩ የሚያድግበት የተለየ መንገድ እንጂ ይዞ የሚለቅ ሕመም አይደለም። ዘመድ በስልክ «እግዜር ይማርልሽ» ሲል ክፉ አስቦ አይደለም። ግን ልጁ እየሰማ «አሜን» ብላችሁ አትለፉት፤ «አልታመመም፣ ዛሬ ሥዕል ሲሥል ነው የዋለው» በሉ። እርግማን ነው የሚል ካለም፣ ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ልጃቸው ኦቲስቲክ መሆኑን በአደባባይ ተናግረው፣ በ2002 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ላይ ለእንደነዚህ ያሉ ልጆች ማዕከል መክፈታቸውን ንገሩት።

«ኦቲዝም ያለበት» የሚለውን አልወደውም። ዕዳ ያለበት፣ ክስ ያለበት እንደማለት ይመስለኛል። ብዙ ኦቲስቲክ አዋቂዎች በቀጥታ «ኦቲስቲክ» መባልን ይመርጣሉ፣ «ኦቲዝም ያለው» የሚለው የሚሻላቸውም አሉ። ልጁ ሲያድግ እሱን ጠይቁት፤ ምርጫው የእሱ ነው።

ትልቁ ጉዳት የሚደርሰው ግን በየዕለቱ ቁጣ ነው። ሕዝብ በበዛበት ቦታ ጆሮውን ይዞ የሚጮህን ልጅ «ረባሽ» ስትሉት የሚማረው መጥፎ መሆኑን ብቻ ነው። «ድምፁ በዝቶብሃል፣ እንውጣ» ስትሉት ግን ለሚሰማው ነገር ስም ሰጣችሁት፤ አንድ ቀን ራሱ ሊለው ወይም በምልክት ሊያሳያችሁ ይችላል። እጁን ማወዛወዙ ራሱን የሚያረጋጋበት ዘዴ ስለሆነ፣ ካልጎዳው ተዉት። «ዓይኔን እያየህ አውራ» ብላችሁም አታስገድዱት፤ ዓይን እያየ ማዳመጥ የሚከብደው ብዙ ነው። የሰማውን እየደጋገመ ሲናገርም «በቀቀን» አትበሉት። «ውሃ ትፈልጋለህ?» እያለ የሚዞር ልጅ ውሃ ስጡኝ ማለቱ ሊሆን ይችላል።

በውጭ ሀገር የሚጨምር ጣጣም አለ። «ልጁ እንዳይምታታበት አማርኛ ተዉ» የሚል ባለሙያ ይገጥማችኋል። ሁለት ቋንቋ መስማት የኦቲስቲክን ልጅ ንግግር እንደሚጎዳ ጥናቶች አላሳዩም። እናት በማትደፍረው እንግሊዝኛ ስትንተባተብ ልጁ የሚያገኘው ቃል ይቀንሳል፣ ከአያቱ ጋር የሚያወራበትም ይጠፋል። በስሜታችሁ ቋንቋ አውሩት። በሥዕል ወይም በታብሌት መናገርም የአፍ ንግግርን አያስቀርም፤ ስለዚህ «ከለመደው አይናገርም» ብላችሁ አትንፈጉት።

ስለ ራሳችሁ የምትናገሩትም ልጁ ጆሮ ይገባል። «በኃጢአቴ ነው»፣ «ክትባቱን ባላስወጋው» የምትል እናት አውቃለሁ፤ አንድ ብቻም አይደለች። ክትባት ኦቲዝም ያመጣል የሚለው ወሬ የተነሣው በ1998 እ.ኤ.አ. ከታተመ ጽሑፍ ሲሆን፣ ያሳተመው መጽሔት ራሱ በ2010 ሰርዞታል። እናቱ በእሱ ምክንያት ስትጸጸት የሚሰማ ልጅ፣ መወለዱ ጥፋት እንደሆነ ቢያስብ አይገርምም። ደግሞ ኦቲዝም በአብዛኛው በዘር ይወረሳል። ልጁ ሲመረመር «ይሄማ እኔ ነኝ» የሚል አባት ጥቂት አይደለም። ዕድሜ ልኩን «ሰው የማይወድ፣ ግትር» ሲባል ኖሮ ራሱም አምኖ ይሆናል። ምርመራው ለአዋቂም ስላለ፣ ከፈለጋችሁ ጠይቁ። ለልጁም «እኔም ጫጫታ ይከብደኛል» ማለት ትችላላችሁ፤ አባቱን የመሰለ ልጅ መሆኑን ማወቁ ቀላል ነገር አይደለም።

አሜሪካ ያላችሁ፣ አይ.ኢ.ፒ. በሚባለው የግል የትምህርት ዕቅድ ስብሰባ ላይ ከፈለጋችሁ ትምህርት ቤቱ አስተርጓሚ ማቅረብ አለበት። ታላቅ እህቱን አስተርጓሚ አታድርጓት፤ የወንድሟን ጉድለት ዝርዝር በእናቷ ፊት ማንበብ የእሷ ሥራ አይደለም። ሕጉ የልጁ ጥንካሬም ከግምት እንዲገባ ያዛል። ሪፖርቱ «አይችልም፣ አይችልም» እያለ ከጀመረ አስቁሟቸውና የሚችለውን አስጽፉ፤ ከመፈረማችሁ በፊት።