የ6.0 ፓወር ስትሮክ ቴስታታ ይቀየር ወይ?

ወንድሜ፣ ባለ 6.0 ሊትር ፓወር ስትሮክ የናፍጣ ሞተር ፎርድህ የተርቦ ግፊቱ ከተጨመረ ወዲህ ጓርኒሲዮን (በቴስታታው፣ ማለትም በሲሊንደሮቹ የላይ ክዳን ሥር የሚገባውን ማሸጊያ) ደጋግሞ እየበላ አስቸግሮሃል። ከፋብሪካው ውጪ የሚሠራውን ጠንካራ ቴስታታ ልግዛ ወይ ብለሃል። ግዛ፤ ግን ቴስታታው ብቻውን አያድንህም።

የዚህ ሞተር ድካም የሚጀምረው ቴስታታውን ከሚያስረው ቡሎን ነው። በአንድ ሲሊንደር ዙሪያ ያለው 4 ቡሎን ብቻ ነው። የቀድሞው ባለ 7.3 ሊትር ፓወር ስትሮክ እኮ 6 ነበረው! ግፊት ሲበዛ ቡሎኑ ይለጠጣል፣ ቴስታታው ለቅጽበት ከሞኖብሎኩ (ሲሊንደሮቹ ካሉበት የሞተሩ አካል) ላላ ይላል፣ ጋዙም ወደ ውሃው መንገድ ሾልኮ ይገባል። የውሃ ማጠራቀሚያው ክዳን ዙሪያ ነጭ የደረቀ እድፍ ካየህ ጉዱ ይኸው ነው። ስለዚህ መጀመሪያ በቡሎኑ ፋንታ ጠንካራ ስታድ (ራስ የሌለው፣ በዳዶ የሚታሰር ቡሎን) ከነዳዶው አስገባ።

ቴስታታ ስትመርጥ ታችኛው ገጹ ወፍራም መሆኑን ጠይቅ። ወፍራም ከሆነ በቀላሉ አይጎብጥም። በቫልቮቹ መካከል ያለችው ቀጭን ብረትም በደንብ ውሃ ማግኘት አለባት፤ ስንጥቅ የሚወደው እዚያ ነው። አንዳንዱ ላይ በሲሊንደሩ ዙሪያ ቦይ ተቆርጦ ሽቦ ይገባበታል። ለውድድር ግሩም ነው። ለጭነት መኪና ግን ጣጣው ይበዛል ባይ ነኝ።

ከመክፈልህ በፊት ቴስታታውን ሞኖብሎኩ ላይ በቦታው የሚያስቀምጡትን ፒኖች ውፍረት ለካ፤ የምትገዛው ቴስታታ ከእነሱ ጋር መግጠም አለበት። የመጀመሪያዎቹ ሞተሮች 18 ሚሊሜትር፣ የኋለኞቹ 20 ናቸው።

የዘይት ማቀዝቀዣውንም አብረህ ቀይር። እሱ ከተደፈነ የጭስ ማቀዝቀዣው ውሃ አጥቶ ይፈነዳል፣ አዲሱ ቴስታታህም አይተርፍም።